ለቁልፎቹ ያወጣሁላቸው ስሞች

ሥራ ስገባ የተረከብኩት አፕ አርባ ሰባት ቁልፎች ነበሩት። ስማቸው ከ«ቁልፍ አንድ» እስከ «ቁልፍ አርባ ሰባት» ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ፕሮግራመር የተሻለ ቦታ አግኝቶ ሲሄድ ትቶልኝ የሄደው ይህንኑ ነው፤ ማስታወሻ የለ፣ ማስረከቢያ የለ፣ ስልኩም አይነሳም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስልክ ላይ ጣታችንን የምናሳርፍበት ሁሉ፣ የሚያስቀምጠውም ቁልፍ፣ የሚሰርዘውም፣ የምንጽፍበት ሳጥንም፣ ከስክሪኑ ጀርባ ኮዱ ውስጥ የየራሱ ስም አለው። ተጠቃሚው ይህን ስም በዕድሜው አያየውም። ኮዱ ግን አንዱን ቁልፍ ለመደበቅ ወይም ቀለሙን ለመቀየር ሲፈልግ በስሙ ነው የሚጠራው። ስሙን ከተሳሳተ ወይ ሌላው ይመጣል፣ ወይ ማንም አይመጣም።

በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሌላው መጣ። አለቃዬ አንድ እንግዳ ሊያመጣ ነበርና ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ እንዳስተካክል ነገረኝ። ቁልፍ አሥራ ሰባት መሰለኝ። የቀስት ምስል ሰጠሁትና ከላይ በስተግራ አስቀመጥኩት። ቁልፍ አሥራ ሰባት ግን ያለውን ዝርዝር በሙሉ የሚሰርዘው ነበር። አለቃዬ እንግዳው ፊት ቀስቷን ነካ ሲያደርጋት ስክሪኑ ባዶ ሆነ። ዝርዝሩ ለሙከራ ብቻ የገባ ነው፤ ሆኖም አለቃዬ ራሱ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ሁለት ቀን ሙሉ ያስገባው ነበር። እንግዳው ጨዋ ሰው ስለነበር «ፈጣን ነው» ብሎ አመሰገነን።

አለቃዬ ቀድሞ ኮምፒውተር ይሸጥ የነበረ፣ ሰው የሚወድ፣ ኮድ ግን የማይነካ ሰው ነው። ቢሮው ውስጥ ያለነው እሱና ፕሮግራመሯ እኔ ብቻ ነን። ቦታችን ልደታ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ ማዶ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ። ከሥራችን ፎቶ ኮፒ ቤቶችና ማመልከቻ ጸሐፊዎች አሉ፤ ከበላያችን አምስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ የጥብቅና ቢሮ አለ። አፑን የምንሠራው ለእነሱ ነበር። ጠበቆቹ የትኛው መዝገብ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ስልካቸው ላይ እንዲያዩ ነው ሐሳቡ።

ከዚያ የቀስት ጉዳይ በኋላ ለሁሉም ቁልፎች ስም ላወጣላቸው ወሰንኩ። መጀመሪያ በደንቡ መሠረት ሞከርኩ፤ የሚያስቀምጠውን «አስቀማጭ»፣ የሚሰርዘውን «ሰራዥ» አልኩ። ነገር ግን አስቀማጩ አምስት ቦታ ነበር፤ ሰራዡ ደግሞ አራት። አስቀማጭ ሁለትና አስቀማጭ ሦስት ስል ተመልሼ ወደ ቁጥሩ ገባሁ። እኔ ቁጥር አይያዝልኝም፤ የሚያዝልኝ ሰው ነው። ስለዚህ በሰው መጥራት ጀመርኩ።

ዋናውን የመሰረዣ ቁልፍ «አክስቴ» አልኩት። አክስቴ አብነት ሰፈር ያለው ቤታችን በመጣች ቁጥር ሳትጠይቅ ዕቃ የምትጥል ሴት ናት። የዲግሪ ፎቶዬን አሮጌ ካርቶን መስሏት ጥላዋለች። ከስክሪኑ አናት ላይ ቀጣዩን ቀጠሮ የሚናገረውን ጽሑፍ «ወያላው» አልኩት። መረጃ እስኪመጣ ድረስ መሐል ላይ የምትሽከረከረዋን ክብ «አለቃዬ» አልኳት፤ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ነው። ሁሉንም በአማርኛ፣ በላቲን ፊደል ጻፍኳቸው። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ኮዱ ላይ «አክስቴን ደብቅ» ብዬ ስጽፍ እጄ ራሱ ያውቀዋል።

የቀጠሮ መመዝገቢያው ላይ ያለው የማስቀመጫ ቁልፍ ግን ለብዙ ጊዜ ስም አላገኘም ነበር። ስሙን ያመጡለት አንጋፋው ጠበቃ ናቸው።

እኚህ ሰው የአምስተኛው ፎቅ ቢሮ ባለቤት ናቸው። ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ነው፤ ድምፃቸው ከአካላቸው ቀድሞ ይመጣል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወደ እኛ ይወርዱና ወንበር ስበው ከጎኔ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ፊደሉ ይተልቅ አሉ። አተለቅሁት። አሁንም ይተልቅ አሉ። ቀጥሎ የማስቀመጫው ቁልፍ ከታች ወደ ላይ ይውጣ አሉ፤ አወጣሁት። በነጋታው ቀይ ይሁን አሉ። ቀይ ለመሰረዣው ነው ብዬ ባስረዳቸው ቢጫ ይሁን አሉ። ቢጫ አደረግሁት። ጥቁር ጠርዝ ይኑረው አሉ። የዕለቱ ቀጠሮ ሲከፈት ብቻ ይበልጥ ይድመቅ አሉ። ሌላ ቦታ አይቼው በማላውቀው ሁኔታ ቁልፉ የስክሪኑን ሩብ ይዞ እንደ ፀሐይ አበራ፤ እሳቸው ግን አገጫቸውን ይዘው ትንሽ አሰቡና «ኧረ ትንሽ ይተልቅ» አሉ።

በዚያን ቀን ከወጡ በኋላ ኮዱን ከፈትኩና ቁልፉን «ነዝናዛው» ብዬ ሰየምኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እሳቸው አንድ ለውጥ ባዘዙ ቁጥር እኔ «ነዝናዛውን አተልቅ»፣ «ነዝናዛውን ወደ ላይ» ብዬ እጽፋለሁ፤ በዚህ መንገድ ፊታቸው ላይ እየሳቅሁ ሁለት ወር አለፈ።

አፑ ሊያልቅ ሲል የጥብቅና ቢሮው አዲስ ጠበቃ ቀጠረ። ሴት ናት፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት ትበልጣለች፣ ዓይነ ስውር ናት። አለቃዬ ይህን የሰማው አፑን ለቢሮው ልናሳይ ቀጠሮ በያዝንበት ዕለት፣ ደረጃ ላይ ነው። ምን ይሻላል አለኝ። እኔም አላውቅም አልኩት። በእውነት አላውቅም ነበር።

ስብሰባው ላይ አንጋፋው ጠበቃ፣ አዲሷ ጠበቃ፣ አለቃዬና እኔ ነበርን። አለቃዬ ግራ ስለገባው እጁን ስክሪኑ ላይ እየጠቆመ እዚህ ጋ ሰማያዊ ምስል አለ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ቢጫ አለ እያለ ያስረዳት ጀመር። እሷ በትህትና አመሰገነችው። ከዚያ ኤርፎኗን ሰካችና ጣቷን ስልኳ ላይ ታንሸራትት ገባች። ስልኳ ጣቷ ያረፈበትን ነገር ሁሉ በጆሮዋ ይነግራታል። ፊቷን እያየሁ ነበር። መጀመሪያ ግንባሯ ተቋጠረ። ቀጥሎ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ መሐረብ አወጣችና አፍንጫዋን የምትጠርግ መሰለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። መሐረቧን ስትመልስ ከፕሮግራመሯ ጋር ትንሽ ለብቻ መነጋገር እንደምትፈልግ ተናገረች። ወንዶቹ ማኪያቶ ሊጠጡ ወረዱ።

አንዱን ኤርፎን ዘረጋችልኝና ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። አንዲት የፈረንጅ ሴት ድምፅ፣ አማርኛ ሰምታ በማታውቅ አንደበት «አክ-ሲ-ቴ» አለች። ክው አልኩ። ጠበቃዋ ጣቷን አንሸራተተች። «ዌ-ያ-ላው።»

የሆነው እንዲህ ነው። ቁልፎቼ አብዛኞቹ ምስል እንጂ ጽሑፍ የላቸውም። ስልኩ ለዓይነ ስውር ሰው የሚነበብ ነገር ፈልጎ ሲያጣ፣ እኔ ለራሴ መፈተሻ እንዲያመቸኝ ብዬ እዚያው ለጥፌው የነበረውን ስም አንስቶ ያነብላታል። እኔ ማንም አያየውም ያልኩትን እሷ ሰማችው።

«አክስትሽ የምትሰርዘዋ ናት አይደል?» አለችኝ።

አዎ አልኩ። እንዴት እንዳወቀች ጠየቅኋት። አክስቴን ስትነካ የገባው ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረችኝ። የምትሽከረከረዋንም ደርሳባታለች፤ ስልኩ «አለቃዬ» ካለ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም እንደማይከሰት አስተውላለች።

«ነዝናዛውስ ማነው?»

ኤርፎኑን ጆሮዬ ላይ አስተካከልኩ። እሷም አልጨቀጨቀችኝም። የአንጋፋውን ጠበቃ ድምፅ የዚያን ዕለት ጠዋት ከሦስተኛው ፎቅ ጀምራ ስትሰማው እንደወጣች ብቻ ነገረችኝ። እኔ ይቅርታ ስል ቅጽል ስሞቹ እንዳላስቀየሟት፣ እንዲያውም ከሥራ ቀኗ ሁሉ ጥሩው ይህ እንደሆነ ነገረችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ያ ስም የአንቺ ነው፣ ኮድሽን የምትጠሪበት። ለእኔ የተዘጋጀውስ የታለ?»

የለም አልኳት። ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘችኝና አንድ ቀጠሮ መዝግቢ አለችኝ። ራሴ የሠራሁትን አፕ በጆሮዬ ብቻ እየዳበስኩ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። በመጨረሻ የመዘገብኩ መስሎኝ ዓይኔን ስገልጥ ደንበኛውን ሰርዤዋለሁ። ጠበቃዋ ሳቋ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ፊቴ በእፍረት ግሎ ነበር። እስከ ሰኞ ድረስ አስተካክላለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት።

ቅዳሜና እሑድን ቤቴ ተቀምጬ ሠራሁ። ለእያንዳንዱ ቁልፍ «ቀጠሮውን አስቀምጥ»፣ «ደንበኛውን ሰርዝ» የሚል ለጆሮ የሚሆን ጽሑፍ ሰጠሁት። ሥራው እዚህ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ግን ፍርሃት ያዘኝ፤ ነገ ተነገ ወዲያ ደግሞ የሆነ ሰው የሆነ መንገድ አግኝቶ ይሰማል ብዬ ከሥር ያሉትንም ስሞች ልቀይራቸው ተነሳሁ። አክስቴን፣ ወያላውን፣ አለቃዬንና ነዝናዛውን አንድ በአንድ ከስክሪኖቹ ላይ አነሳሁና በሥርዓት ጠራኋቸው። ኮዱ ውስጥ የሚጠራቸውንም መስመር ሁሉ ለቀምኩ። እሑድ ከሰዓት ሞከርኩት፤ ሁሉም ይሠራል። ለጠበቆቹ ላክሁላቸው፤ እነሱም የሳምንቱን ቀጠሮ አስገቡበት።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ አለቃዬ ጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ቆመ። ጠበቆቹ ከፍርድ ቤት ደውለውለታል። አፑ አልከፈት ብሏቸዋል፤ አንድ መልእክት ያሳይና ይዘጋል። የሰዓትና የችሎት ለውጥ ሁሉ የገባው እዚያ ውስጥ ስለሆነ የት እንደሚገቡ አላወቁም። ላፕቶፔን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩና መንገዱን ተሻገርኩ።

ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። አንጋፋው ጠበቃ ቆመዋል፣ አዲሷ ጠበቃ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ከጎኗ ባለጉዳዮች ተደርድረዋል። ጠበቃው ስልካቸውን ሰጡኝ።

«መነጽሬን ቢሮ ትቼ መጣሁ፤ ምን እንደሚል አንብቢልኝ» አሉኝ።

አየሁት። ስክሪኑ መሐል፣ ድሮ ስሕተት ስፈልግ እንዲነግረኝ ብዬ በላቲን ፊደል የጻፍኩት መልእክት ተደንቅሯል፤ ነዝናዛው አልተገኘም ይላል። ወዲያው ገባኝ። የዕለቱ ቀጠሮ ሲከፈት ቁልፉ ይበልጥ ይድመቅ ያሉት ቦታ አንድ መስመር ቀርታብኛለች፤ አሁንም በድሮ ስሙ ትጠራዋለች። መስመሯ የምትሠራው የዕለት ቀጠሮ ሲኖር ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ የሞከርኩት እሑድ ነው። እሑድ ችሎት የለም።

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። «‹ቁልፉ አልተገኘም› ይላል ጋሼ።»

«የቱ ቁልፍ?»

አንድ ቁልፍ ነው አልኳቸው። ይህን ብዬ ሳልጨርስ ጠበቃዋ የራሷን ስልክ ነካች። ኤርፎን አላደረገችም ነበር። ያቺ የፈረንጅ ሴት ኮሪደሩን በሚሞላ ድምፅ፣ ቃሉን እየሰባበረች፣ ማንም አበሻ በማይስተው አኳኋን «ኔዝ-ና-ዛው አል-ቴ-ገኝም» አለች።

አግዳሚው ላይ የነበሩ አንድ ባለጉዳይ ችሎት ሰው የሚጠራ መሰላቸው። ዘወር ዘወር አሉና «ውጭ ይሆናል፤ ጥሩት» አሉ።

ጠበቃዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሆነ ብላ እንዳላደረገችው በኋላ ምላልኛለች፤ አሁን ድረስ ግማሹን ብቻ ነው የማምናት። አንጋፋው ጠበቃ አንዴ ስልኩ ወዳለበት፣ አንዴ ወደ እኔ አዩ።

«ማነው ያልተገኘው?» አሉኝ፣ ምስክር በሚጠይቁበት ድምፅ።

ምድር ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰላሳ ዓመት ሰው ሲያናዝዙ የኖሩ ሰው ፊት መቆም ከባድ ነው፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቁልፍ በስም እንደሚጠራ፣ እኔ ለቁልፎች በሰው ስም እንደማወጣ፣ ያ ቢጫ ቁልፍ በእሳቸው እንደተሰየመ ነገርኳቸው። ባለጉዳዮቹ ጭምር ጸጥ ብለው አዳመጡኝ። ጠበቃው ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ይቅርታዬን ሳልጨርስ እጃቸውን አነሱና በስንት ሰዓት የት እንደሚገቡ ጠየቁኝ። ላፕቶፔን ከፍቼ ከዋናው መረጃ ላይ አነበብኩላቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነበር፣ አንደኛ ፎቅ ላይ። ጋውናቸውን አስተካክለው ሄዱ።

እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የቀረችዋን መስመር አስተካከልኩና አዲሱን አፕ ላክሁ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጠበቃዋ ሞክራ እንደሚሠራ አረጋገጠችልኝና ወደ ራሷ ችሎት ሄደች። እኔ መሄድ እችል ነበር፤ ግን አግዳሚው ላይ ቀረሁ። አለቃዬ ምን ይለኛል፣ ውሉ ይፈርሳል፣ እኔም የተሻለ ሥራ ሳላገኝ እሄዳለሁ እያልኩ ሳብሰለስል አንጋፋው ጠበቃ ከችሎት ወጡ። መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። ክርክሩ ጥሩ እንደሄደ ነገሩኝ። ከዚያ ከረባታቸውን ላላ አደረጉ።

«ነዝናዛ መሆኔንማ አውቃለሁ» አሉ። «እንጀራዬ ነው። ሰው ፈልጎኝ የሚመጣው ነዝንዝልኝ ብሎ ነው።»

ልስቅ አልስቅ ሳመነታ ቀጠሉ። ፊደሉ ይተልቅ ያሉኝ ስለማይታያቸው ነበር። ቁልፉ ይቅላ፣ ቢጫ ይሁን፣ ጠርዝ ይኑረው ያሉኝም ስለማይታያቸው ነው። ዓይናቸው ከዓመት በላይ እየደከመ ሄዷል፤ መነጽሩም ቢሮ አልተረሳም፣ ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ግን አይረዳም። ለቤተሰብም ለባልደረባም አልነገሩም። ዓይኑ የማያይ ጠበቃ መዝገብ የሚሰጠው ማነው ብለው ፈርተዋል።

እኔም አፌ እንዳመጣልኝ «እርስዎ እኮ ዓይነ ስውር ጠበቃ ቀጥረዋል» አልኳቸው።

ወደ እኔ ዞሩ። «እሱን አላሰብኩትም» አሉ።

በኋላ እንደሰማሁት ጠበቃዋ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አውቃባቸዋለች። ጊዜ የለኝም፣ እስቲ ይህችን አንቺ አዳምጪያትና ሐሳብሽን ንገሪኝ እያሉ ሰነዶች በኢሜይል ይልኩላት ነበር። ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ግን እሷ ስታዳምጥ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ጆሮውን ወደ ስልኳ አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ይሰማል። አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። እሳቸው ራሳቸው እስኪያነሱት ጠበቀች።

እሳቸውም በዚያው ሳምንት አነሱት። እሷ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ ዓይነ ስውሯ ዓይናማውን እጁን ይዛ የዓይን ክፍል ስትገባ ጥበቃው ማንን እንደሚያስገባ ግራ ገብቶት እንደነበር እየሳቀች ነግራኛለች። የዓይን ሞራ ነው ተባሉ፤ ቀዶ ጥገና ተራ ተሰጣቸው። ተራው እስኪደርስ ድረስ በሚናገር ስልክ መጠቀም አስተማረቻቸው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ወደ እኛ ቢሮ መውረዳቸው ቀረ፤ በፋንታው እኔ ወደ አምስተኛ ፎቅ እየወጣሁ እሷ ስታስተምራቸው አልሠራ ያላቸውን አስተካክል ነበር። መጥፎ ተማሪ ነበሩ። ጣታቸውን ያፈጥኑታል፣ ስልኩን ይቆጡታል፣ ፈረንጇ ስታወራ አቋርጠው ይመልሱላታል።

ኤርፎን ግን በጭራሽ እምቢ አሉ። ጆሮዬን ያሳክከኛል ይላሉ። ስለዚህ ለሦስት ወር ያህል በዚያ ኮሪደር ያለፈ ሁሉ የእሳቸውን ቀጠሮ በሙሉ ያውቅ ነበር። የተከራካሪያቸው ጠበቃ አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ እባክሽ ይህን አፕ እንዳትቀይሪው አለኝ፤ የራሱን ማስታወሻ ቢሮ ረስቶ ሲመጣ ሰዓቱን የሚያውቀው ከእሳቸው ስልክ ነው።

ለአለቃዬ የምትሽከረከረዋ ክብ በእሱ ስም ትጠራ እንደነበር አልነገርኩትም። ውሉ አልፈረሰም። እንዲያውም ሌላ ቢሮ በጠበቃዋ በኩል መጣልን፤ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እሷን ይዤ ገባሁ፣ አንድም ቁልፍ ሳልሠራ በፊት ጠየቅኋት።

ቀዶ ጥገናው በደንብ ሄደ። አንጋፋው ጠበቃ አሁን ጋዜጣ ያነባሉ፣ የሰው ከረባት ቀለም ይተቻሉ። የስልካቸውን ድምፅ ግን አላጠፉትም። አንድ ቀን ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን አብረን ስንወጣ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አምስት ፎቅ ድረስ ሳይደክመው የሚያወራኝ ሌላ ማን አለ አሉኝና ስልካቸውን ነካ አድርገው የነገውን ቀጠሮ እያዳመጡ ወደ ላይ ወጡ።